በመስኮት የገባው እጅ

ጥቅምት 12

ይድረስ ለታላቅ እኅቴ፣ ወንበሯ በራሱ ለሚሽከረከረው የቢሮ ንግሥት፤

እንደምን ከርመሻል እታለም? ጠረጴዛሽ፣ ማራገቢያሽ፣ ያ በየቀኑ አመመው የምትይው ኮምፒውተርሽ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ቁመቴ ጨመረ ብዬ ልዋሽሽ አስቤ ነበር፤ አባባ ግን አሁንም የሚጠሩኝ ቡሎን ብለው ነው። አጭር፣ ድቡልቡል፣ በየሳምንቱ ካልጠበቀ የሚላላ።

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ጥፋቱ ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የጋሽ ዝግታ ነው። ጋሽ ዝግታ ማለት የተሸጡ መኪኖችን በሎቤዱ ተሳቢ ጭኖ ወደ አንቺ ከተማ የሚያደርስልን ሾፌር ነው። እንቁላል የጫነ ይመስል ነው የሚነዳው። ደብዳቤውን ከፀሐይ መከላከያው ስር ይሰካና ይረሳዋል። ምን ላድርግ፣ “ስልክ አትደውልልኝ፣ የአባባን ሳል ከኋላ ስሰማ ሆዴ ይባባል” ስላልሽ ይኸው እንደ ጥንት ሰው ወረቀት አበላሻለሁ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አዎ፣ ኢንተርኔት ላይ ያየሽው የተጋጩ መኪኖች ጨረታ የእኛው ግቢ ነው። አዎ፣ ሳይቃኑ በጨረታ ይሸጡ የሚለው ሐሳብ ያንቺ ነበር። አዎ፣ አባባ በገዢዎች ፊት “ሴት ልጅ የለኝም” ብለው ያስወጡሽ በዚሁ ሐሳብ ነው። ሦስቱንም አውቃለሁ። እሳቸውም ያውቃሉ። ብቻ እንዲናገሩት አትጠብቂ።

ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ አባባ የተጋጨ መኪና እየገዙ፣ በመዶሻ እያቃኑ፣ ቀለም እየቀቡ መሸጡን ቀጠሉ። የቀረው ገዢው ብቻ ነው። ኮፈኗ እንደተኛሁበት ሸሚዝ የተጨማደደ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ነበረች፤ ከጎማዋ ስር ሣር በቀለ። ሥራ ስፈታ ፎቶ አነሳኋትና ለጠፍኳት። ከስሯ “ፊቷ ተጎድቷል፣ ልቧ ይመታል። እንዳለች፣ ባለችበት። ማን ይጨምራል?” ብዬ ጻፍኩ። ቀልዴን ነበር። በማግስቱ የማላውቃቸው ሰዎች ስልኬ ውስጥ ይጣላሉ! አንዱ ይጨምራል፣ ሌላው ይሰድበዋል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ጥሏቸው ያልፋል።

አባባ ሲሰሙ ቤቱን አናወጡት።

“ሰው ፊቱን ሳይታጠብ ፎቶ ይነሳል? የተሰበረ ነገር ሳይቃና አደባባይ ይወጣል? አንተ ነውር የሚባል ነገር አልፈጠረብህም?”

“አባባ፣ ሰዉ እኮ የሚፈልገው ስብራቱን ነው” አልኳቸው።

መዶሻ ወረወሩ። አጭር መሆን ለአንዳንድ ነገር ይጠቅማል።

ከዚያ አንዱ ተጫራች “ሞተሯ ይነሳል ያልከው ውሸት ነው” ብሎ ጻፈ። ሳነብላቸው አባባ ደማቸው ፈላ። ሄደው እጃቸውን በተሰበረው መስኮት አስገቡና ቁልፉን አዞሩት። እኔ ስልኬን ደግኜ ነበር። የሚታየው እጃቸው ብቻ ነው፤ ያ ላሜራ ግማሹን የወሰደው ሌባ ጣታቸው፣ ያ የተቃጠለ ዘይት የጠጣው ጥፍራቸው። ሞተሯ ተነሳ። ተጫራቹ ምን ብሎ ቢመልስ ጥሩ ነው? “ሌባ ጣቱ ግማሽ የሆነ ሰው ቢሰርቅም ግማሹን ነው፤ አምኛለሁ።” ከዚያ ወዲህ ያለዚያ እጅ መኪና አይሸጥም። “እጁ ይታይ” ነው የሚሉት።

እንግዲህ “እጁ የማን ነው?” ብለሽ ጠይቀሻል። አንቺ የማን መሰለሽ?

ስምንተኛ ክፍልን ወዶት ሁለት ጊዜ የተማረው ወንድምሽ፣
ቡሎን


ኅዳር 20

አንተ ወስላታ፤

ደብዳቤህ ደረሰኝ። የሞተር ዘይት፣ የጋሽ ዝግታን ሲጋራና አንተን ይሸታል። ስስቅ ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበች።

“የማን መሰለሽ” እያልክ አትፎግረኝ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ የትምህርት ቤት ጫማዬን ክር ሲያስር የኖረ እጅ እንዴት ይጠፋኛል? የጠየቅኩህ ሌላ ሰው ሲለው ለመስማት ነው። ሰዉ ከሥራ ሲገባ ፊልም ያያል፤ እኔ ቁልፍ ሲዞር አያለሁ። መኪናውን ልብ አልለውም። ይህን ለአባባ ብትናገር አንተን ራስህን ለጨረታ አወጣሃለሁ፤ የሚጨምር ቢጠፋም።

ከዚህ በፊት “ለምን አንቺ ቀድመሽ አትመጪም?” ላልከው ደግሞ፣ አልቻልኩም። ይቅርታ እንድጠይቅ ያጠፋሁትን ንገረኝ። “ልጅ የለኝም” ያለው አፍ አንድ ጊዜ “ልጄ ነይ” ይበል። በዚያው ቀን እነሳለሁ። አፋቸውን ከከበዳቸው በዓይናቸው ይጥቀሱኝ፤ እሱም ይበቃኛል። ግን የእሳቸው ይሁን።

ሌላው፣ ተጫራቾችህን መዝግባቸው። ጨረታው የሚዘጋበትን ሰዓት ወስን፤ ሲዘጋ ተዘጋ ነው፣ የአክስት ልጅ የለም። መኪናውን ከአራቱም ጎን አንሳው፣ የተጎዳውን ጎን መጀመሪያ አድርገው። ከስሩ የምትጽፈውን ቀልድ ግን እንዳትተው። ሰዉ ግማሹ ለእሱ ነው የሚመጣው።

እኅትህ


ጥር 8

ለስውሯ ሥራ አስኪያጃችን፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ክብርሽስ? እኔማ ትልቅ ሰው ሆኛለሁ፤ ሁለት ብዕር በኪሴ ይዤ ነው የምዞረው፣ አንዱ አይጽፍም።

ያልሽውን ሁሉ አደረግኩ። የመዝጊያ ሰዓት ያልሽው ነገር ሰዉን አሳበደው። አንዱ ሊዘጋ ሲል ይገባል፣ ሌላው “ቀማኛ!” ይለዋል፤ በሚቀጥለው ቀን ሁለቱም ቀድመው ይመጣሉ። አሁን አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት የተጋጩ መኪኖቹን በሙሉ ለእኛ ነው የሚሰጠው። የጎረቤቱን ባዶ ሜዳ ተከራየን፣ በቆርቆሮ አጠርነው፤ እሱም ሞልቶ መኪና በመኪና ላይ እየጫንን ነው። ስልክ የምትመልስ ልጅ ቀጠርን። እኔን “አቶ ቡሎን” ትለኛለች፤ ከሥራ እንዳላባርራት የያዘኝ ይኸው ነው። ትናንት “ባለቤቱ ከዛፍ ጋር ቀጠሮ ነበረው፤ በሰዓቱ ደርሷል” ብዬ የጻፍኩባት መኪና ከሁሉም የበለጠ ዋጋ አወጣች።

አባባ መዶሻቸውን ሰቅለዋል። ማን ይቃናልኝ ይላል? ጠዋት ጠዋት እንደ ሐኪም በሰልፉ መሐል እያለፉ በየመስኮቱ እጃቸውን ያስገባሉ፣ ያስነሳሉ፣ ይስላሉ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ለስንቱ ከተማ እጃቸው ብቻ ነው የሚታወቀው። ደስ ብሏቸዋል እንዳልልሽ እሳቸው ናቸው፤ ደስታቸውን እንደ ትርፍ ጎማ ደብቀው ነው የሚይዙት።

በታኅሣሥ ደብዳቤሽ “አንድ ጊዜ እንኳ አንስተውኝ ያውቃሉ?” ብለሻል። ስምሽን አላነሱም። ግን የኢንሹራንሱ ኃላፊ መጥቶ ግቢውን ዞሮ ሲያይ “ይህን ማን አሰበው?” አላቸው። እኔ ደረቴን ነፋሁ። አባባ መሬት መሬቱን አዩና “ሌላ ሰው ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም” አሉት። ከዚያ ከመኪኖቹ ኋላ ሄደው ብዙ ቆዩ። ሌላም አለ። ወደ አንቺ ከተማ የሚሄድ ጭነት ሲኖር ጋሽ ዝግታን በሩ ላይ ያስቆሙና “ቀስ ብለህ ንዳ፣ እዚያ ስትደርስ ደግሞ ከተማው እንዴት እንደሆነ አይተህ ንገረኝ” ይሉታል። ጋሽ ዝግታን፣ ቀስ ብለህ ንዳ!

ትንሽ ታገሺ። ይጠሩሻል። ይህ ቀልድ አይደለም።

አቶ ቡሎን (ያልተባረረችው ልጅ እንደምትለኝ)


መጋቢት 3

ለእታለም፤

እጅግ በጣም ደህና ነን። ሁላችንም። ግቢውም ደህና ነው። ሎቤዱም ጎማው ተቀይሮለት ደህና ነው።

በተከታታይ ለላክሻቸው ሁለት ደብዳቤዎች ባለመመለሴ በጣም ይቅርታ፤ ሥራው በዛ። ሦስተኛ ሜዳ ይዘናል። ከሩቅ አገር ሳይቀር ይጫረታሉ፤ አንዱ የሚጽፈውን ቋንቋ አጥቼው “እሺ” ብዬ መለስኩለት፣ ገዛ።

“አባባ በቪዲዮው ላይ ለምን አይስሉም?” ላልሽው ሳሉ ተሻላቸው። አዲስ ሽሮፕ ነው፤ ጣፋጭ ነው፣ እኔም እሰርቃቸዋለሁ። “እጃቸው ለምን ቀጠነ?” ላልሽው ደግሞ አሁን እኔ ነኝ የማበስለው፤ የእኔን ወጥ በልቶ የሚወፍር ሰው ካለ ስሙን ላኪልኝ። “ለምን ቶሎ ያወጡታል?” ላልሽው መኪናው ብዙ ነዋ! እያንዳንዱ ጋ ቆመው ይመርቁት?

አሁን ይጠሩኛል። ደህና ሁኚ። ብዙ አታስቢ። ማሰብ ያሳጥራል፤ እኔን እይኝ።

ቡሎን


ሚያዝያ 2

ቡሎኔ፣ የእኔ ጌታ፤

እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌ ካንተ ጽሑፍ ከባሰ እንዳትስቅብኝ።

ትናንት የወጣችውን ግራጫ መኪና አየሁ። ሞተሯ ተነሳ፤ እጃቸው ወጣ። እንደ ሌላው ቀን ዘወር ይላል ስል ቆመ። ከዚያ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጠፉ። እንደገና ታጠፉ። ነይ! ልጅ ሆኜ ከሜዳው ማዶ ስጫወት ሲጠሩኝ እንደሚያደርጉት! ተጫራቾችህ ከስር “ሽማግሌው ዛሬ ሁላችንንም ጠሩን” እያሉ ይስቃሉ። እናንተን አይደለም፣ እኔን ነው አልኩ፤ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። ጎረቤቴ ግድግዳውን አልደበደበችም።

እንደማያቸው ነግረሃቸዋል ማለት ነው። ልቆጣህ ነበር፤ አልቻልኩም።

ፈቃድ ጠይቄያለሁ። የወሩ ሒሳብ እንደተዘጋ እመጣለሁ። ስገባ የምለውን ስለማመድ ነው ያደርኩት። ስለ ድሮው አንድም አላነሳም። “ጠሩኝ አባባ፣ መጣሁ” እላለሁ። በቃ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እሳቸው ያውቃሉ።

እንዳትነግራቸው እንጂ፣ መምጣቱንስ ከዚያም በፊት እፈልግ ነበር።

እኅትህ


ሚያዝያ 9

እታለም፤

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ እጨምርልሻለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

እጁ የእኔ ነው።

የካቲት መጀመሪያ ላይ አባባ እንደ ሁልጊዜው በሰልፉ መሐል ያልፉ ነበር። እኔ እቀርጻለሁ። እጃቸውን በአንዲት ሰማያዊ መኪና መስኮት አስገቡ፣ ቁልፉን አዞሩ፣ ሞተሩ ተነሳ። እጃቸው ግን አልወጣም። “አባባ፣ ተሸጠች እኮ፣ ልቀቋት” አልኳቸው። ቀለድኩ። በሩ ላይ ተደግፈው ነበር፤ ከዚያ ወረዱ። ሐኪሙ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሷል አለ። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም። አንደበታቸውም ሄዷል። የሚባለውን ሁሉ ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል፤ መመለስ ነው የቀረው።

እንዴት አልጠራኸኝም ትያለሽ። ሆስፒታል ሳሉ ጆሯቸው ሥር ሆኜ “እታለምን ልጥራት?” አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቤት ከገባን በኋላ ጠየቅኩ፤ አዞሩ። በሌላ ቀን ስምሽን ብቻ አነሳሁ፤ አዞሩ። ጠልተውሽ አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሰበረ ነገር ሳያቃኑ ለሰው አሳይተው የማያውቁ ሰው ናቸው። በዚያ ሁኔታ እንድታዪያቸው አልፈለጉም። የገባኝ እንዲህ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ያህል ነው የሚገባኝ።

ገዢዎቹ “እጁስ?” ማለት ጀመሩ። አንቺም “እጃቸውስ?” አልሽ። ሌባ ጣቴን አጥፌ በፕላስተር አሰርኩት፣ የተቃጠለ ዘይት ቀባሁ፣ አስገባሁና አዞርኩ። እስኪሻላቸው ብዬ ነው። መጀመሪያ ቀን ስቄያለሁ፤ አልደብቅሽም።

መጥሪያው ግን ሌላ ነው። “በዓይናቸው ቢጠቅሱኝ ይበቃኛል” ብለሽ ነበር። አፋቸው ከእንግዲህ እንደማይጠራሽ አውቃለሁ፤ ቢችሉም አይጠሩሽም፤ አንቺ ደግሞ ሳትጠሪ አትመጪም። ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ናችሁ፤ መሐላችሁ የተረፍኩ እኔ ነኝ። ስለዚህ ጠራሁሽ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ስልኩን አንስቼ ደወልኩልሽ። ገና ሳልናገር “አባባ?” አልሽ። ድምፅሽን እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም። ዘጋሁት።

ነይ፤ ግን አውቀሽ ነይ። ጠርተውኛል ብለሽ አትግቢ። ይህን ሳታነቢ እንዳትነሺ። ጋሽ ዝግታን ዛሬ እንዲነሳ ለምኜዋለሁ፤ እንዲፈጥንም ለምኜዋለሁ።

ቡሎን


ግንቦት 6

ደብዳቤህን ከቤቴ በር ስር ያገኘሁት ከእናንተ ዘንድ ተመልሼ ስገባ ነው። አለቃዬ ቀድማ ለቀቀችኝ። ጋሽ ዝግታ ወደዚህ ሲመጣ እኔ በአውቶቡስ ወደዚያ እየመጣሁ ነበር ማለት ነው። የሆነ ቦታ ላይ ተላልፈናል።

አንተ የተገለበጠ የጭነት መኪና ልታነሳ ወጥተህ ነበር። ስልክ የምትመልሰው ልጅ እስከ አባባ ክፍል ደጃፍ አደረሰችኝ። ልትነግረኝ ሞከረች፤ ቸኩዬ ነበር። ገባሁና የተለማመድኩትን ተናገርኩ። “ጠሩኝ አባባ፣ መጣሁ።”

አዩኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ብርድ ልብሱ ላይ የተኛውን እጅ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ካልጠሩኝ ሰው ፊት ቆሜ “ጠሩኝ” ያልኩትን አንተ አልሰማህም፤ እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር እንደ አዲስ አፍራለሁ።

ፈቃዴ እስኪያልቅ ቆየሁ። ሾርባ ሳጎርሳቸው ይቀበላሉ፤ ፊታቸው ግን ግድግዳው ላይ ነው። ማንኪያውን በጎን ነበር የማስገባው። አንተ በሩ ላይ ትቆማለህ፤ ባዶውን ሳህን ተቀብለህ ትሄዳለህ።

ልሰድብህ ተቀምጬ ነበር፤ ስድቡም አልመጣልኝ። ቪዲዮውን መልሼ አየሁት። ፕላስተሩ ይታያል! ጠርዙ ነጭ ሆኖ ይታያል። ዓይኔ የፈለገውን ብቻ ነው ያየው። በዚህ አንተን አልወቅስም።

ለጊዜው አትጻፍልኝ።


ሐምሌ 15

ለእታለም፤

አትጻፍልኝ ብለሽ ነበር፤ ካልጠየቅሽኝ አልጽፍም ነበር። አንድ መስመር ደብዳቤሽ ደረሰችኝ። ለአባባ ቀብር ስላልመጣሽ አልተቀየምኩም፤ የሚቀየም ካለም ለእኔ አልነገረኝም። በመጨረሻው ቀን አልተጨነቁም። ሾርባቸውን ጠጡ፣ ተኙ፣ እንደተኙ ቀሩ። መሐረብ ይዤ የማልቀስ ነገር ስለማያምርብኝ ከመኪኖቹ ኋላ ሄድኩ።

መጀመሪያ የግቢውን ልንገርሽ፤ ለመዘግየት ነው፤ አውቀሽ ታገሺኝ። ኢንሹራንሱ በሌሎች ሁለት ከተሞችም ክፈቱልኝ ብሎናል። ሠራተኛው በዝቶ አባባን አይተዋቸው የማያውቁ ልጆች “እሳቸው የትኛው ነበሩ?” ይሉኛል። ጨረታው ላይ እኔው ራሴ ጻፍኩ፤ ከየካቲት ወዲህ ያያችሁት እጅ የእኔ ነበር፣ የእሳቸው አይደለም አልኩ። ከስሩ ቀልድ አልጨመርኩም። ብዙ ሰው ሰደበኝ፤ ጥለው የሄዱም አሉ። የቀሩት አሁን ባለ አምስት ጣት እጅ እያዩ ይጫረታሉ። ጣቴን ሳላጥፍ ሳስነሳ መጀመሪያ ላይ እጄ የሰው እጅ መሰለኝ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። “በግንቦት ከሄድኩ በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ ጠየቁኝ?”

ይህን ለመመለስ ብዙ ወረቀት ቀድጃለሁ። አንቺ የሄድሽ ዕለት ወደ በሩ ዞሩ ብዬ ልጽፍልሽ እችል ነበር። ደህናው እጃቸው አልጋው ጫፍ ላይ ሲፈልግሽ አየሁት ልልሽ እችል ነበር። ምላሳቸው ስምሽን ጀምሮ ቀረ ብል ታምኚኝ ነበር፤ ይህን ከማንም በላይ አሳምሬ እንደምሠራው አይተሻል። ሁሉንም ጽፌያቸዋለሁ፣ ሁሉም ያምሩ ነበር።

አልጠየቁሽም፣ እታለም። አልዞሩም። ከልባቸው ውስጥ የነበረውን አላውቅም፤ አውቃለሁ ብልሽ ያው መልሼ ጣቴን ማጠፌ ነው። የመጨረሻዋን ትንፋሽ እንኳ የተነፈሱት ወደ ግድግዳው ነው።

እናም አባባ አልጠሩሽም። ከእንግዲህም አይጠሩሽም። አንቺ ደግሞ ካልተጠራሁ አልመጣም ብለሻል፤ እሺ።

እኔ እየጠራሁሽ ነው። ሌላ ሰው መስዬ አይደለም። እዚህ ማታ ከሥራ ስገባ የሚሳለቅብኝ ሰው የለም፤ ለሁለት ሰው አበስልና ግማሹን እደፋዋለሁ። ነይ።

ወንድምሽ